ወደ ባሕር ማዶ ለሚሔድ ነጋዴ የስልክ ስንቅ

በቀድሞው ዘመን ሲራራ ነጋዴ ለጉዞ ሲነሣ የበቅሎውን ጀርባ ይመረምራል፣ ጭነቱን ያመዛዝናል፣ ስንቁን ይቋጥራል፣ በመንገዱ የሚያገኘውን ኬላና የሚከፍለውን ቀረጥ አስቀድሞ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው መንገዱን ስለሚፈራ አይደለም፤ በበረሓ ላይ የጎደለ ነገር በበረሓ እንደማይገኝ በልምድ ስለሚያውቅ ነው። የዛሬው ነጋዴ በአውሮፕላን ተሳፍሮ በአንድ ሌሊት ከአዲስ አበባ ጓንዡ ይደርሳል። ስንቁም፣ መሪውም፣ አስተርጓሚውም፣ የገንዘብ ከረጢቱም በአንዲት የእጅ ስልክ ተጠቃለው በኪሱ ይገባሉ። ይሁን እንጂ የጥንቱ ደንብ አልተለወጠም፤ ከቤት ሳይያዝ የተወጣው ነገር በሩቅ አገር ላይገኝ ይችላል።

ስለዚህ በተለምዶ አፕ እየተባሉ የሚጠሩት የስልክ መተግበሪያዎች ከጉዞ በፊት በምን መሠረት እንደሚመረጡ ማወቅ ለማንኛውም የንግድ ሰው ተገቢ ነው። ለዚህም ትምህርት ቻይና በምሳሌነት ተወስዳለች። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከአገራችን አስመጪዎች ብዙዎቹ የሚመላለሱባት አገር ናት። ሁለተኛ፣ በሌላው ዓለም ሁሉ የለመድናቸው መተግበሪያዎች የማይከፈቱባት አገር በመሆንዋ፣ ለቻይና በሚገባ የተሰናዳ መንገደኛ ለሌላው አገር መሰናዳት አይከብደውም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

የአንድ አስመጪ ምሳሌ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን የመብራት ዕቃ የሚያስመጣ አንድ የመርካቶ ነጋዴ ይታሰብ። ይህ ሰው የሚሔደው ከ1957 ጀምሮ በጓንዡ ከተማ ወደሚደረገው የካንቶን የንግድ ትርዒት ነው። ትርዒቱ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በመጸው ይከፈታል፤ እያንዳንዱም በሦስት ክፍል ተከፍሎ አንዱ ክፍል አምስት ቀን ብቻ ይቆያል። የመብራትና የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚታየው በመጀመሪያው ክፍል ሲሆን፣ በመጸው ወራት ይህ ክፍል ከኦክቶበር 15 እስከ 19 ይውላል።

ነጋዴው ኦክቶበር 17 ከሰዓት በኋላ ጓንዡ ደረሰ። በስልኩ ውስጥ ስድሳ የሚያህሉ መተግበሪያዎች ነበሩት። ከአቅራቢዎቹ ጋር የተጻጻፈው በዋትስአፕ ነው፤ አልከፈት አለው። የዋጋ ማቅረቢያዎቹ በጂሜይል ነበሩ፤ እርሱም አልተከፈተም። የሆቴሉን አድራሻ ያስቀመጠው በጉግል ካርታ ላይ ነው፤ ካርታው ባዶ ሆኖ ቀረ። ሌላ መተግበሪያ ለማውረድ ቢሞክር፣ የአንድሮይድ ስልኮች የሚጠቀሙበት የጉግል መደብር በዚያ አገር አይሠራም። ካርዱን ከቻይና የክፍያ መተግበሪያ ጋር ለማያያዝ ቢፈልግ፣ ባንኩ የላከው የማረጋገጫ ቁጥር አዲስ አበባ ሳለ ሮሚንግ ባላስከፈተው ስልኩ ላይ ሊደርስ አልቻለም። ኦክቶበር 18 የሚያውቀው ሰው ሲፈልግ ዋለ። በ19 ወደ ትርዒቱ ሲደርስ ሻጮቹ ናሙናቸውን እየሰበሰቡ ነበር።

የዚህ ሰው ስሕተት መተግበሪያ ማነሱ አይደለም፤ ስድሳ ነበረው። ስሕተቱ ሥራውን በስልኩ ከማስላት ይልቅ ስልኩን እንደ ነበረ ይዞ መሔዱ ነው።

የምርጫው መሠረት

ብልህ ነጋዴ ምርጫውን የሚጀምረው ከመተግበሪያዎች ስም ሳይሆን ከሥራ ዝርዝር ነው። አንድ ወረቀት ይወሰድና፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወጥቶ ዕቃው እስኪጫን ድረስ በየቀኑ የሚሠራው ሁሉ በተራ ይጻፍ፤ መልእክት መለዋወጥ፣ መክፈል፣ መንገድ ማግኘት፣ መነጋገር፣ ማስላት፣ ሰነድ መያዝ። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ዋና መተግበሪያና አንድ መጠባበቂያ ከተመረጠ ይበቃል። በዚህ አኳኋን ከአሥር ወይም ከአሥራ ሁለት የማይበልጡ ይሆናሉ።

ከዚያ በኋላ ስለ እያንዳንዱ መተግበሪያ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ያስፈልጋል።

1ኛ፦ በሚሔዱበት አገር ይከፈታልን?
2ኛ፦ ኢንተርኔት ሲጠፋ ይሠራልን?
3ኛ፦ ለመክፈት ወይም ለማረጋገጥ በአገር ቤት ብቻ የሚገኝ ነገር ይጠይቃልን? ይኸውም የኢትዮጵያ ስልክ ቁጥር፣ የባንክ ኮድ፣ ወይም የሌላ ሰው ምስክርነት ማለት ነው።

ከሦስቱ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሦስተኛውን ነው፤ ብዙውን ኪሳራ የሚያመጣውም እርሱ ነው።

ስለ መልእክት

በዋናው የቻይና ምድር የጉግል አገልግሎቶች፣ ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ቴሌግራም ተዘግተዋል። ጂሜይል ከ2014፣ ዋትስአፕም ከ2017 ጀምሮ እንደ ተዘጋ የታወቀ ነው። በሆቴል ዋይፋይም ሆነ በዚያው አገር ሲም ካርድ የሚጠቀም እንግዳ ይህ አጥር ያገኘዋል። ከኢትዮጵያ በተያዘው ቁጥር ሮሚንግ አስከፍቶ ኢንተርኔት ለሚጠቀም ግን፣ መስመሩ ብዙውን ጊዜ በአገር ቤቱ ድርጅት በኩል ስለሚያልፍ የተዘጉት ሊከፈቱለት ይችላሉ። ይሁን እንጂ የሮሚንግ ዋጋ በአገር ቤት ከለመደው ሊበልጥ ስለሚችል፣ ከመነሣቱ በፊት ታሪፉን ጠይቆ ለአስቸኳይ ጉዳይ ብቻ መመደብ ይገባል። አጥሩን ለመዝለል የሚያገለግሉት ቪፒኤን የሚባሉትም ያለ ፈቃድ መጠቀም በዚያ አገር ሕግ የተከለከለ ስለ ሆነና አንዳንድ ጊዜም ስለሚቋረጡ፣ የንግድ ሥራን በእነርሱ ላይ ማንጠልጠል አይመከርም።

በቻይና ነጋዴው ሁሉ የሚገናኝበት ዊቻት የተባለው መተግበሪያ ነው፤ ሥራ የጀመረውም በ2011 ነው። ሻጩ ዋጋ የሚልከው፣ የናሙና ፎቶግራፍ የሚያሳየው፣ ስሙንና አድራሻውንም የሚሰጠው በእርሱ ነው። ነገር ግን አዲስ ሰው ሲመዘገብ ቀድሞ የተመዘገበ ሌላ ሰው ኮዱን በስልኩ አንሥቶ እንዲመሰክርለት መተግበሪያው ሊጠይቅ ይችላል። መርካቶ ውስጥ ይህን የሚያደርግ ወዳጅ ማግኘት ቀላል ነው፤ እኩለ ሌሊት በሆቴል ክፍል ውስጥ ግን ማን ይገኛል? ስለዚህ ዊቻት ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይከፈት፤ አቅራቢዎቹ ሁሉ በእርሱ ይመዝገቡ፤ አዲስ አበባ የሚቀረው ጸሐፊና የቤተሰቡም አንድ ሰው ይመዝገብ።

በዋትስአፕና በኢሜይል ያሉት የዋጋ ማቅረቢያዎች፣ ፕሮፎርማዎችና የዕቃ ፎቶግራፎች አንድ በአንድ ወጥተው በስልኩ ማኅደር ውስጥ በአቅራቢው ስም ይቀመጡ። በደመና ላይ ያለ ሰነድ መንገድ ሲዘጋ እንደሌለ ይቈጠራል፤ በስልኩ ውስጥ የተቀመጠው ግን መንገደኛውን አይከዳውም። ለመሥሪያ ቤቱም ከጉግል ውጭ የሆነ አንድ የኢሜይል አድራሻ ተከፍቶ፣ በቻይና ያለው አቅራቢ በእርሱ ደብዳቤ እንዲልክና እንዲቀበል ተደርጎ ይሞከር።

ስለ ገንዘብ

በቻይና ከተሞች ከታክሲ እስከ ሻይ ቤት ክፍያ የሚፈጸመው በስልክ ነው። ዋናዎቹ አሊፔይና ዊቻት ሲሆኑ፣ ሁለቱም በ2023 የውጭ አገር ቪዛና ማስተርካርድ በስፋት መቀበል ጀምረዋል። በ2024 መጋቢት ወር ገደማ ደግሞ በእነዚህ ካርዶች የሚከፈለው ከፍተኛው ልክ ለአንድ ጊዜ ከ1,000 ወደ 5,000 የአሜሪካ ዶላር፣ ለዓመት ከ10,000 ወደ 50,000 ዶላር ከፍ ተደርጓል። ከ200 ዩዋን ለማይበልጥ ክፍያ ተጨማሪ ዋጋ አይጠየቅም፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ግን 3 ከመቶ እንዲታሰብ ተደንግጓል። ስለዚህ የ1,000 ዩዋን ናሙና በአንድ ጊዜ የገዛ ሰው 30 ዩዋን ይጨምራል ማለት ነው። ደንቡ ሊሻሻል ስለሚችል በመነሻው ሳምንት መተግበሪያው ራሱ የሚያሳየውን ማንበብ ይገባል።

በዚህ ረገድ በአገር ቤት ሊፈጸሙ የሚገባቸው አራት ጉዳዮች አሉ። መጀመሪያ፣ ነጋዴው ካርዱ በውጭ አገርና በኢንተርኔት ለሚፈጸም ክፍያ የተፈቀደ መሆኑን ከባንኩ ያረጋግጥ። ሁለተኛ፣ መተግበሪያውን አውርዶ በፓስፖርቱ ስም ይመዝገብ፤ የስሙ አጻጻፍ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን። ሦስተኛ፣ ካርዱን አያይዞ የባንኩን የማረጋገጫ ቁጥር አዲስ አበባ ሳለ ይቀበል። አራተኛ፣ በውጭ አገርም ሳለ የባንኩ አጭር መልእክት እንዲደርሰው በኢትዮጵያ ቁጥሩ ላይ ሮሚንግ ያስከፍት። ሁለት ሲም የሚቀበል ስልክ ካለው፣ አንዱ ቦታ ለኢትዮጵያው ቁጥር ይጠበቅ፤ የዚያን አገር ሲም ለማስገባት ሲል የኢትዮጵያውን አውጥቶ በኪሱ የሚይዝ መንገደኛ የባንኩን በር በገዛ እጁ ይዘጋል።

ሆኖም እነዚህ መተግበሪያዎች ለዕለት ወጪና ለናሙና ናቸው እንጂ ለዋናው ዕቃ ግዥ አይደሉም። በውጭ ካርድ የሚሠራ ሒሳብ በአብዛኛው ለሱቅና ለድርጅት ይከፍላል እንጂ ለግለሰብ ገንዘብ አያስተላልፍም። የዕቃው ዋጋ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት በባንክ በኩል፣ በሌተር ኦፍ ክሬዲት ወይም በሌላው በተፈቀደው ስልት ይከፈላል። በስልክ በኩል እንዲከፈለው የሚያባብል ሻጭ ቢያጋጥም፣ ክርክር በተነሣ ጊዜ የባንክ ሰነድ የሌለው ገዢ ምንም ማስረጃ እንደማይኖረው ይታሰብ። ለመጠባበቂያም ጥቂት መቶ ዩዋን በወረቀት ገንዘብ መያዝ ይጠቅማል። በዚያ አገር የወረቀት ገንዘብ አልቀበልም ማለት የተከለከለ ነው፤ ነገር ግን መልስ የሚሰጥ ላይገኝ ስለሚችል ዝርዝር ገንዘብ ይሻላል።

ስለ መንገድና ስለ ማደሪያ

በቻይና ካርታ የሚዘጋጀው በመንግሥት ትእዛዝ በተወሰነ ለየት ያለ የመለኪያ ሥርዓት ነው። ስለዚህ የውጭ አገር ካርታ ቢከፈት እንኳ ነጥቡን በመቶ ሜትሮች ሊያዛንፍ ይችላል። አንድን የመጋዘን በር ለሚፈልግ ሰው መቶ ሜትር ሌላ ሰፈር ማለት ነው። የአገሩ ሰው የሚጠቀመው አማፕና የባይዱን ካርታ ሲሆን፣ ከሁለቱ አማፕ በእንግሊዝኛም ይሠራል። ለታክሲ ዲዲ የተባለው አለ፤ እርሱንም ለብቻው ሳያወርዱ በአሊፔይ ወይም በዊቻት ውስጥ መክፈት ይቻላል። ለባቡር 12306 በሚል ቁጥር የሚጠራው የምድር ባቡሩ መተግበሪያ በእንግሊዝኛ ያገለግላል። ይሁን እንጂ ፓስፖርት ተመርምሮ እስኪጸድቅ ጊዜ ስለሚወስድ ምዝገባው ቀደም ብሎ ይፈጸም። ከጓንዡ ተነሥቶ ወደ 75 ሺህ የሚጠጉ መደብሮች ወዳሉበት ወደ ዪዉ ገበያ የሚሻገር ነጋዴ፣ ቲኬት ከጉዞው ቀን 15 ቀን አስቀድሞ መሸጥ እንደሚጀምር ይወቅ።

ከሁሉ በላይ ግን የሆቴሉ፣ የትርዒቱና የእያንዳንዱ አቅራቢ አድራሻ በቻይንኛ ፊደል ተጽፎ መያዝ አለበት። ይህን አቅራቢው ራሱ በመልእክት ይላክ፤ በስልኩ ውስጥ እንደ ፎቶግራፍ ይቀመጥ፤ በወረቀትም ታትሞ በኪስ ይያዝ። የታክሲ ነጂው በላቲን ፊደል የተጻፈውን ሊያነብ አይገደድም፤ የስልክ ባትሪ ያልቃል፤ ወረቀት ግን አያልቅም። በዚሁ ወረቀት ላይ የፖሊስ ቁጥር 110፣ የአምቡላንስ 120፣ የእሳት አደጋ 119 ተጽፎ ይጨመር።

ስለ ቋንቋ

ጉግል ትርጉም የተባለው መተግበሪያ ከ2016 ጀምሮ አማርኛን ይተረጉማል። ነገር ግን በቻይና መስመር ላይ ስለማይሠራ፣ የእንግሊዝኛና የቻይንኛ መዝገቡ ያለ ኢንተርኔት እንዲያገለግል አዲስ አበባ ሳሉ ማውረድ ያስፈልጋል። መዝገቡ ከወረደ በኋላ የዕቃውን ማሸጊያ በስልኩ ካሜራ እያሳዩ የተጻፈውን ማንበብ ይቻላል። ለተጨማሪም ፕሌኮ የተባለው የቻይንኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የዊቻትም መተግበሪያ የተላከውን መልእክት በዚያው ይተረጉማል።

በእነዚህ መሣሪያዎች የሚጠቀም ሰው አጭር ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ቁጥር ሁሉ በአኃዝ ይጻፍ፤ መለኪያውም ሜትር ይሁን ያርድ፣ ደርዘን ይሁን ፍሬ ተለይቶ ይመልከት። ሁለት ትርጉም ካለው ቃል ይራቅ። ለምሳሌ ዋስትና የሚለው የአማርኛ ቃል የዕቃው ጥራት ዋስትናም፣ የመድንም፣ የፍርድ ቤት ዋስም ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያውም ከሦስቱ አንዱን ሳይጠይቅ ይመርጣል። ስለዚህ ‹ዕቃው በ12 ወር ውስጥ ቢበላሽ ትተካለህን?› ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ውል በሚፈረምበት ሰዓት ግን የስልክ ትርጉም በቂ አይደለም፤ የሰው አስተርጓሚ መቅጠር ተገቢ ነው። ለአስተርጓሚ የሚከፈለው የአንድ ቀን ዋጋ አንድ ኮንቴይነር የተሳሳተ ዕቃ ከሚያስወጣው ጋር አይመዛዘንም።

ስለ ስሌት፣ ስለ ሰዓትና ስለ ቀን

ነጋዴው በሻጩ ጠረጴዛ ፊት ሲቀመጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ስሌት ነው። ለምሳሌ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 50 ሴንቲሜትር የሆነ ካርቶን 0.12 ኪዩቢክ ሜትር ይይዛል። 500 ካርቶን 60 ኪዩቢክ ሜትር ይሆናል። የተለመደው ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ውስጡ 67 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፣ አደራደሩ በሚገባ ከተሰናዳ ይህ ሊጫን ይችላል። ሻጩ ‹ዋጋ እቀንሳለሁ፣ 600 ውሰድ› ቢል ግን 72 ኪዩቢክ ሜትር ስለሚሆን አይገባም፤ የተቀነሰውም ዋጋ ለሁለተኛ ኮንቴይነር ኪራይ ይሔዳል። ይህን በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያሳይ ተራ የስሌት ሠንጠረዥ፣ የዩዋን፣ የዶላርና የብር ምንዛሪ በመነሻው ዕለት ተሞልቶበት ቢያዝ፣ ከብዙ ያጌጡ መተግበሪያዎች ይልቃል።

ሰዓትን በሚመለከት ቻይና ከኢትዮጵያ በ5 ሰዓት ትቀድማለች። በጓንዡ ከጧቱ 3 ሰዓት ሲሆን በአዲስ አበባ ገና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ከጧቱ 2 ሰዓት ሲከፈት በጓንዡ ከቀኑ 7 ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ በሁለቱም ወገን ሥራ የሚገኝበት ጊዜ በአዲስ አበባ አቆጣጠር ከጧቱ 2 እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ያለው ብቻ ነው። ጸሐፊው፣ ባንኩና ነጋዴው የሚነጋገሩት በዚህ ጊዜ እንዲሆን አስቀድሞ ይወሰን፤ በስልኩም ላይ የሁለቱ ከተሞች ሰዓት ጎን ለጎን ይቀመጥ።

ቀንም እንደዚሁ ነው። ኦክቶበር 15 በአብዛኛው ዓመት ጥቅምት 5 ሲሆን፣ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት ግን ጥቅምት 4 ይውላል። በሌተር ኦፍ ክሬዲት ላይ የተጻፈው የመጨረሻ የመጫኛ ቀን በአንድ ቀን ቢያልፍ ባንኩ ሰነዱን ጉድለት አለበት ሊል ይችላል። ስለዚህ የኢትዮጵያንና የአውሮፓን ቀን የሚያመሳክር መተግበሪያ ይያዝ፤ በውል ላይ ግን አንድ አቆጣጠር ብቻ ይጻፍ።

ስለ ጥንቃቄ

ስልኩ የነጋዴው ሣጥን ከሆነ ቁልፍ ያስፈልገዋል። መተግበሪያ ከታወቀው መደብር ብቻ ይውረድ፤ ስሙ ብቻ ሳይሆን የሠሪው ድርጅት ስም ይታይ፤ በስም የሚመሳሰሉ ሐሰተኞች አሉና። በመንገድ ዳር የተለጠፈ ኪውአር ኮድ ሁሉ አይነካ። ስልኩ በይለፍ ቁጥር ይዘጋ፤ ቢጠፋ ከሩቅ ሆኖ ለመዝጋት የሚያስችለው አገልግሎት ይከፈት፤ የዚህም መክፈቻ በአዲስ አበባ በታመነ ሰው እጅ ይቀመጥ።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን ‹የባንክ ሒሳባችን ተለውጧል› የሚለው መልእክት ነው። አጭበርባሪ ወደ ሻጩ ኢሜይል ሰርጎ ይገባና፣ ትክክለኛውን ፕሮፎርማ በትክክለኛው ማኅተም፣ በሐሰተኛ የሒሳብ ቁጥር ይልካል። ነጋዴው በጉዞ ላይ፣ ጸሐፊው በችኮላ ላይ በሚሆኑበት ሰዓት ይህ ብልሓት ይሠምርለታል። መከላከያው ሦስት ነው። ሒሳብ ተለወጠ የተባለ እንደሆነ ቀድሞ በሚታወቀው ቁጥር ተደውሎ በድምፅ ይጠየቅ፤ በመልእክቱ ላይ ባለው አዲስ ቁጥር ግን አይደወል። የሒሳቡ ባለቤት ስም በውሉ ላይ ካለው የድርጅት ስም ጋር አንድ መሆኑ ይታይ፤ እያንዳንዱ የቻይና ድርጅት በንግድ ፈቃዱ ላይ ባለ 18 ቤት መለያ አለውና እርሱም ይጠየቅ፣ በመንግሥቱ የድርጅቶች መዝገብ ላይም ይመሳከር። በመጨረሻም፣ ነጋዴው ራሱ ደውሎ ቀድሞ የተስማሙበትን አንድ ቃል ሳይነግረው ጸሐፊው ማንኛውንም የክፍያ ለውጥ ወደ ባንክ አያስተላልፍ።

ባትሪም አይዘንጋ። ተጨማሪ የኃይል መያዣ፣ ማለት ፓወር ባንክ፣ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይፈቀድም፤ ልኩም ከ100 ዋት ሰዓት ባይበልጥ ይሻላል። 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የተባለው 74 ዋት ሰዓት ያህል ነው። ከ2025 ጁን 28 ጀምሮ ደግሞ በቻይና የአገር ውስጥ በረራ ላይ የአገሩ የጥራት ምልክት፣ ማለት 3ሲ፣ የሌለበት መያዣ ተከልክሏል። ከጓንዡ ወደ ሌላ ከተማ የሚበር ሰው ይህን ምልክት ሳያይ አይግዛ።

ወደ ሌላ አገር ለሚሔድ

ከላይ የተነገሩት መተግበሪያዎች ለቻይና ናቸው፤ ሦስቱ ጥያቄዎች ግን ለሁሉም አገር ይሠራሉ። ወደ ዱባይ የሚሔድ ነጋዴ በዋትስአፕ ጽሑፍ መላክ ይችላል፤ በድምፅና በምስል መነጋገር ግን በዚያ ሲከለከል ስለ ቆየ፣ ለጥሪ የተፈቀደውን ሌላ መተግበሪያ ይጠይቅ። ወደ ናይሮቢ የሚሔድ ደግሞ ከ2007 ጀምሮ በኬንያ ከሱቅ እስከ ጉሊት የተለመደውን ኤምፔሳን ማወቅ ይገባዋል። አገሩ ሲለወጥ የመተግበሪያው ስም ይለወጣል፤ የአመራረጡ ዘዴ ግን አይለወጥም።

የአንድ ቀን ሙከራ

ምርጫው ካለቀ በኋላ ከመነሻው ቀን አንድ ሳምንት አስቀድሞ ሙከራ ይደረግ። ነጋዴው በመሥሪያ ቤቱ ተቀምጦ የስልኩን ኢንተርኔት ይዝጋና የሚከተለውን በተራ ይፈጽም።

1. የፓስፖርቱን፣ የቪዛውን፣ የቲኬቱንና የሆቴሉን ሰነድ ከስልኩ ማኅደር ያውጣ።
2. የሁሉንም አቅራቢዎች አድራሻ በቻይንኛ ፊደል ያሳይ።
3. አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ወደ ቻይንኛ ይተርጉም።
4. የአንድ ኮንቴይነር ጭነትና ዋጋ ያስላ።

ከዚያም ኢንተርኔቱን ከፍቶ፣ ጉግልንና ዋትስአፕን ሳይነካ፣ ለአንድ አቅራቢ በዊቻት መልእክት ይላክ፤ መልሱንም ይቀበል። የክፍያው መተግበሪያ ካርዱን መቀበሉን ይይ። ሮሚንግ መከፈቱን ከስልክ ድርጅቱ ያረጋግጥ። ከእነዚህ አንዱ ባይሳካ መፍትሔው በቅርብ ነው፤ ባንኩ ከመንገዱ ማዶ፣ የስልክ ድርጅቱ ከአደባባዩ አጠገብ፣ ወዳጅም ከጎረቤት ሱቅ ይገኛል። ያው ጉድለት በጓንዡ ቢገለጥ ግን እያንዳንዱ አንድ የገበያ ቀን ያስከፍላል።

በምሳሌው የተነገረው የመብራት ዕቃ አስመጪ በጸደዩ ትርዒት ተመልሶ ቢሔድ፣ ስድሳውን መተግበሪያ እንደያዘ ሊሔድ ይችላል፤ ማንም አያስጥለውም። ነገር ግን ከስድሳው መካከል ለሥራው የተመረጡና የተሞከሩ አሥር ከኖሩት፣ አምስቱ የትርዒት ቀናት አምስት የሥራ ቀናት ይሆኑለታል። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነውና፣ መንገደኛ ነጋዴ ሻንጣውን ከመዝጋቱ በፊት ስልኩን ይክፈት።